ያገለገለ የሞተር ተጎታች፦ ከቀለሙ በፊት ኩሽኔታውን ይክፈቱ

ጥያቄ፦ «ሱሉልታ ውስጥ ትንሽ የሞተር ሳይክል ጥገና ቤት አለኝ። ከጫንጮ፣ ከደብረ ጽጌና ከፍቼ የተበላሹ ሞተሮች እየጫንኩ አመጣለሁ፤ ሲጠገኑም እመልሳለሁ። እስካሁን አይሱዙ እየተከራየሁ ነበር። አሁን በሃይሉክሴ የሚጎተት፣ ሁለት ሞተር የሚጭን ባለ አንድ አክስል ያገለገለ ተጎታች ደላላ አግኝቶልኛል። ቀለሙ አዲስ ነው፣ የጎማውም ጥርስ አላለቀም። ሳልገዛ ምን ልይ? ከገዛሁ በኋላስ ምን ጥገና ይፈልጋል?»

ምላሽ፦

ቀለሙ አዲስ መሆኑን እንደ ጥቅም አይቁጠሩት። አሮጌ ተጎታች ለሽያጭ ሲወጣ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ ሥሩ የብየዳ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል ብለው ይጠርጥሩ። ዝገትማ ማንም ያየዋል፤ ዋጋ ቢያስቀንስ ነው። በእንዲህ ዓይነት ዕቃ ላይ ገንዘብ የሚበሉት አክስሉ፣ ከመኪናው ጋር የሚያያዘው አንገቱና ወረቀቱ ናቸው። መብራት፣ ሽቦ፣ ወለል፣ ፓራፋንጎ፣ ጎማም ቢሆን ሶማሌ ተራ ወርደው በአንድ ቀን የሚጨርሱት ጉዳይ ነው። ለዋጋ መደራደሪያ ይጠቀሙባቸው እንጂ በእነሱ ምክንያት አይግዙ፣ በእነሱ ምክንያትም አይተዉ።

ወረቀቱን ላስቀድም። አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ ሲል ተጎታችንም ይጨምራል፤ ስለዚህ የራሱን ሊብሬ ይጠይቁ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ አንገቱ ጎን ወይም የፊተኛው አግድም ብረት ላይ ይገኛል። ቀለም ደፍኖት ከሆነ በቲነር በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ዙሪያው በግራይንደር ተፍቆ ካገኙት ግን እዚያው ይሰናበቱ። በየብየዳ ቤቱ ተሠርተው ቁጥር የሌላቸውም አሉ። ሻጩ «ወረቀቱ በኋላ ይወጣለታል» ካለ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ራስዎ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ይጠይቁ፤ ደላላው ጠይቆ እንዲነግርዎ አይላኩት። ውልና ማስረጃ ሳትጨርሱ ሙሉ ክፍያ አይስጡ።

ብረቱን ሊያዩ ሲሄዱ ክሪክ፣ ሁለት ጉማጅ እንጨት፣ የጎማ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ሜትር፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ጨርቅና ሁለት አዲስ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግደው የሽቦ ቁልፍ) ይያዙ። ተቃራኒውን ጎማ በእንጨት አግደው አንዱን በክሪክ ያንሡት። ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት፤ በደንብ የታሰረ ጎማ በጣት የሚሰማ፣ በዓይን የማይታይ ክፍተት ብቻ ነው ያለው። ኳ ኳ ካለ ኩሽኔታው (ጎማው የሚዞርበት ባለ ሮለር ቀለበት) ላልቷል፣ ወይም አልቋል። ቀጥለው በአንድ እጅ በኃይል ያሽከርክሩትና ሌላውን እጅዎን ባሌስትራው (ሳጥኑ አክስሉ ላይ የሚያርፍበት ባለ ቅጠል ሞላ) ላይ ያሳርፉ። የተጎዳ ኩሽኔታ ለጆሮ ከመሰማቱ በፊት መንዘሩ በባሌስትራው በኩል እጅ ላይ ይመጣል።

እዚህ ላይ አያቁሙ፤ የአንዱን ጎማ የግሪስ ክዳን ይክፈቱ። ሻጩ እንቢ ካለ መልሱን አግኝተዋል። ግሪሱ ለስላሳ ሆኖ የፋብሪካ ቀለሙን ከያዘ ደህና ነው። ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። በጣት ሲታሽ አሸዋ ካለው ጭቃ ከኋላ በኦይል ሲሉ (ግሪሱን ይዞ ውሃና ጭቃ የሚከለክለው ቀለበት) በኩል ሰርጓል፤ በክረምት የሱሉልታን መረሬ ሲያቋርጥ የከረመ ተጎታች ላይ ይህ የሚጠበቅ ነው። ጣትዎ ላይ ብርማ ብልጭታ ከቀረ ግን ብረቱ ራሱ እየተፈጨ ነው። ከዚያ ኮፒሊያውን ነቅለው፣ ዳዶውን ፈተው የውጭውን ኩሽኔታ ያውጡ፣ ጠርገውም ፀሐይ ላይ ያዙሩት። ሮለሮቹ ንጹሕና የሚያብረቀርቁ መሆን አለባቸው። ሰማያዊ ወይም ቡናማ ጥላ ካለባቸው በሙቀት ተቃጥለዋል። ቀለበቱ ላይ በሮለሮቹ ልክ በእኩል ርቀት የተሰለፉ ጥቋቁር መስመሮች ካዩ ተጎታቹ ውሃ ገብቶበት ለወራት ቆሟል ማለት ነው።

ኩሽኔታ ቢያልቅ ይቀየራል። ዋናው ነገር እሱ የተቀመጠበት የአክስሉ ጫፍ ነው። የውስጥ ቀለበቱ ሲዞር ከከረመ ጫፉን በልቶታል፤ ጥፍርዎን ብረቱ ላይ ሲያስኬዱ ደረጃ ከያዘዎት አክስሉ አልቆለታል። «ቶርኖ ቤት በብየዳ አስሞልተን እናስቆርጠዋለን» ይሉዎታል። ይቆረጣል፤ ግን በብየዳ የተሞላ ጫፍ ሙቀት ያገኘው ሥሩ ላይ ይሰበራል፣ የሚሰበረውም ጭኖ ሳለ ነው። እንዲህ ያለውን አልመክርም፤ አክስሉ ሙሉ በሙሉ እንደሚቀየር አስበው ዋጋውን ያስቀንሱ፣ አለዚያ ይተዉት።

የኩሽኔታውን ቁጥርም ሳይመዘግቡ አይዝጉ። 30205 የሚል ከሆነ የውስጡ ቀዳዳ 25 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ቀለበቱ 52 ሚሊ ሜትር ነው። ኤል 44643 የሚል ከሆነ የውስጡ 25.4 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 1 ኢንች ሲሆን አብሮት የሚሄደው ኤል 44610 የውጭ ቀለበት 50.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የ0.4 ሚሊ ልዩነት ምንም አይመስልም። ነገር ግን ከሌላ ተጎታች የወጣ ባለ ኢንች ሞዞ (ኩሽኔታውን በውስጡ የያዘው፣ ጎማው የሚታሰርበት ብረት) ከነኩሽኔታው 25 ሚሊ አክስል ላይ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ዳዶውም ይጠብቃል። መንገድ ላይ ግን ቀለበቱ አክስሉ ላይ እየዞረ ያን የሚፈራውን ደረጃ ይቆርጣል። ስለዚህ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ቁጥር መሆኑን ያረጋግጡ። ሲቀይሩም አሮጌውን ናሙና ይዘው ይሂዱና ኩሽኔታውንና የውጭ ቀለበቱን በጥንድ ይግዙ፤ አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት ላይ ዕድሜ የለውም።

አክስሉ መታጠፉን ለማየት ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ይወጥሩ። ባዶውን ሳለ መሃሉ በትንሹ ወደ ላይ ቢቀስት ሆን ተብሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ታች ከረገበ ግን ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል። የጎማው የውስጥ ጠርዝ ብቻውን ተበልቶ ካገኙት ያው ማስረጃ ነው። ሌላው ልኬት፣ የመኪናው ማያያዣ ኳስ ከሚገባበት የአንገቱ ቀዳዳ መሃል እስከ ግራው አክስል ጫፍ፣ ከዚያም እስከ ቀኙ ይለኩ። ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ ተጎታቹ ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የባሌስትራውን መካከለኛ ቡሎን ይጠርጥሩ፤ ሲበጠስ አክስሉ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ይህ ደግሞ በቀላሉ ይስተካከላል። ቡሎኑ ደህና ከሆነ የተጣመመው አንገቱ ነው።

ወደ አንገቱ እንሂድ። ስንጥቅ የሚጀምረው አንገቱ ከሳጥኑ የፊት ብረት ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ በተለይ በታችኛው ፊት ላይ ነው። ተጎታቹ በነጠረ ቁጥር የሚታጠፈው እዚያው ነው። ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ይፋቁትና በጎን ከተኙበት ቦታ ይዩት፤ ከአዲስ ቀለም ሥር የወጣች ቀጭን የዝገት መስመር ስንጥቅ ናት። ላሜራ ተለጥፎበት ካገኙ የላሜራውን ጫፍ ይመልከቱ። አንገቱን በአግድም ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ ብየዳ አሮጌውን ስንጥቅ ዘግቶ አዲስ የሚሰነጠቅበት ቦታ ከፍቷል። በአግባቡ ሲጠገን ስንጥቁ የሚያበቃበት ቦታ በ5 ሚሊ መሰርሰሪያ ይበሳል፣ ስንጥቁ በግራይንደር ቪ ቅርጽ ተከፍቶ ይበየዳል፣ ከዚያ ጫፎቹ ሾጠጥ ያሉ ላሜራ በሁለቱ ጎኖች ይለበዳል፤ ላሜራው የሚበየደው በርዝመቱ ነው፣ ጫፎቹ ላይ በአግድም አይዞርም። ቱቦላሬው ውስጥ ውሃ መኖሩን ደግሞ በመዶሻ መትተው በድምፁ ያውቁታል። ከታች የመፍሰሻ ቀዳዳ ከሌለው ከውስጥ እየበሰበሰ ነው።

ስለ ብየዳ ካነሣን አንድ ማስጠንቀቂያ። በያጅዎ የብየዳውን መሬት ገመድ ጎማው ላይ ወይም አክስሉ ላይ ነክሶ ሳጥኑን ከበየደ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ውስጥ ያልፋል፣ ሮለሮቹም ይጎደጉዳሉ። ከጥገና በኋላ በአንድ ወር «ኩሽኔታው ሐሰተኛ ነው» የሚያሰኘው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መንካሻው ሁልጊዜ ከሚበየደው ቦታ በአንድ ክንድ ርቀት፣ እዚያው ብረት ላይ ይሁን። ተጎታቹም ከመኪናው ተላቆ፣ የመብራቱ መሰኪያ ተነቅሎ ይበየድ።

የጎማው ጥርስ አላለቀም ብለዋል። ተጎታች ጎማ አብዛኛውን ጊዜ በፀሐይና በመቆም ነው የሚያረጀው፤ ጥርስ አይነግርዎትም። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ፦ 3417 ማለት በፈረንጅ አቆጣጠር የ2017 34ኛ ሳምንት ነው፣ በእኛ ነሐሴ 2009። ከስድስት ሰባት ዓመት ካለፈ ወይም ጎኑን ሲያጥፉት ጥቃቅን ስንጥቅ ከታየ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ዋጋ አይስጡት። ከመጠኑ አጠገብ ያለውን የጭነት ቁጥርም ይዩ፤ 155 አር 13 ላይ 79 ካለ አንዱ ጎማ 437 ኪሎ ይችላል። ለእርስዎ ጭነት ይበቃል።

ጭነትዎን እንቁጠር። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉት ሞተሮች እያንዳንዳቸው ከ110 እስከ 150 ኪሎ ይመዝናሉ። ሁለቱን 260 ብንል፣ ተጎታቹን ባዶውን 200 ብንል ድምሩ 460 ኪሎ ነው። ከዚህ ውስጥ ኳሱ ላይ ማረፍ ያለበት አንድ አሥረኛው፣ ወደ 46 ኪሎ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ተጎታቹ ከ60 በላይ ሲነዱ እንደ ልቡ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ተጎታችን የሚገለብጠው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ለመለካት የቤት ሚዛን በቂ ነው፦ ሞተሮቹን ጭነውና አስረው፣ ተጎታቹን ደልዳላ መሬት ላይ ጎማውን አግደው፣ አንገቱን በኳሱ ቁመት ልክ በጉማጅ እንጨት ሚዛኑ ላይ ያሳርፉት። 25 ኪሎ ካነበቡ ሞተሮቹን ወደ ፊት ይግፉ። ከአክስሉ እስከ ኳሱ 250 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 260 ኪሎ ጭነት 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ሲሄድ አንገቱ ላይ 21 ኪሎ ያህል ይጨምራል። የፊት ጎማ ማገቻዎቹን እዚያ ቦታ ላይ በቡሎን ያሰሩ፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ መመዘን አይጠበቅብዎትም። መሪዎቹ ስለሚጋጩ አንዱን ሞተር ወደ ኋላ አዙረው የሚጭኑ ከሆነ ግን የዞረው ክብደት ቦታውን ስለሚቀይር ያንን አጫጫን ለብቻው ይመዝኑት።

የሃይሉክስ ኳስ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ጭነው ሳለ የኳሱ መሃል ከመሬት ከ35 እስከ 42 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለትንንሽ ተጎታቾች ይስማማል። ከዚያ በላይ ሲሆን የተጎታቹ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣና ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ኳሱ ላይ የሚያርፈውም ይቀንሳል። ወደ ታች የታጠፈ ማያያዣ ያሠሩለት። የኳሱ መጠንም ይታይ፤ አንገቱ ጫፍ ላይ ኳሱን የሚይዘው መያዣ 2 ኢንች ሆኖ ኳሱ 1 ከ7/8 ኢንች፣ ማለትም 47.6 ሚሊ ሜትር ከሆነ መቆለፊያው ይዘጋል፣ ጉድጓድ ላይ ሲነጥር ግን ይወልቃል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከቆለፉ በኋላ አንገቱን በክሪክ ያንሡ፤ የመኪናው ኋላ አብሮ ካልተነሣ አልያዘም። ሁለት ሰንሰለት በአንገቱ ሥር አመሳቅለው ያስሩ፤ ቢወልቅ አንገቱ አስፋልት ከመውጋቱ በፊት ሰንሰለቱ ይይዘዋል።

መብራቱ ሰባት ቀዳዳ ያለው መሰኪያ ከሆነ የተለመደው አደራደር ይህ ነው፦ ቢጫ የግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴ የቀኝ ፍሬቻ፣ ነጭ መሬት፣ ቀይ ስቶፕ፣ ጥቁር የግራ ኋላ መብራት፣ ቡናማ የቀኝ ኋላ መብራት፣ ሰማያዊ የጉም መብራት። ፍሬን ሲረግጡ ፍሬቻው ከበራ ወይም ሁሉም መብራት ከደበዘዘ አምፖል አይቀይሩ፤ ነጩ ሽቦ ነው የተበላሸው። የነጩን ጫፍ ብረቱን እስኪያበራ ፍቀው በቡሎንና በሮንዴላ ያስሩት፣ ላዩን ግሪስ ይቀቡት። አራት ሽቦ ብቻ ያለው የአሜሪካ ተጎታች ከሆነ ስቶፑና ፍሬቻው አንድ አምፖል ላይ ናቸው፤ ከሃይሉክስዎ ጋር ለማገናኘት መቀየሪያ ዕቃ ያስፈልገዋል።

ከገዙ በኋላ፣ ያለፈው ባለቤት «ባለፈው ወር ነው ያደረግኩት» ቢልዎትም ሁለቱንም ሞዞዎች ፈተው በአዲስ ግሪስ ያሰናዱ። ሊቲየም ቁጥር 2 ይግዙ፤ ከአሮጌው ጋር አይቀላቅሉ፣ አሮጌውን በናፍጣ አጥበው በደንብ ያድርቁ። ግሪሱን መዳፍዎ ላይ አድርገው የኩሽኔታውን ሰፊ ጠርዝ እየጫኑ በሮለሮቹ መካከል በሌላው በኩል እስኪወጣ ይሙሉት። የሞዞውን ባዶ ቦታ ግን ሲሶውን ብቻ፤ ጢም ካደረጉት ሲሞቅ ኦይል ሲሉን ገፍቶ ይወጣል። ኦይል ሲሉ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። ሲያስሩ ሞዞውን እያዞሩ መዞሩ እስኪከብድ ዳዶውን በቁልፍ ያጥብቁ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ያላሉት፣ እንደገና በጣት ብቻ ያጥብቁት። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደ ማላላቱ እንጂ ወደ ማጥበቁ አይዙሩ። «እንዳይፈታ ጠበቅ ላድርገው» የሚል መካኒክ ኩሽኔታውን ጫንጮ ሳይደርሱ ያቃጥልዎታል።

በመጀመሪያው ጉዞ 15 ኪሎ ሜትር ላይ ይቁሙና የእጅዎን ጀርባ ሞዞው ላይ ያሳርፉ። ለብ ማለቱ ልክ ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ወይም አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ አይቀጥሉ። የጎማ ዳዶዎችን ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንደገና ያጥብቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከወቅቱ ጋር ይሄዳል። ግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ኦይል ሲሉንና ግሪሱን ይፈትሹ፤ ከመስቀል በኋላ ጭቃው ሲደርቅ ሞዞውን ፈተው ሙሉውን ይሥሩ። ሞዞው ትኩስ ሳለ በግፊት ውሃ አያሳጥቡት፤ ድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ተሰብስቦ ውሃውን በኦይል ሲሉ በኩል ይስበዋል። የባሌስትራውን ቅጠሎች በተለይ መካከለኛው ቡሎን አጠገብ፣ የማያያዣዎቹንም ጎማ ቡሽ በየሦስት ወሩ ይዩ። ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ አክስሉን በጉማጅ ላይ አንሥተው ጎማውን በጆንያ ይሸፍኑ፤ በዚህ ከፍታ ያለው ፀሐይ ለጎማ ምሕረት የለውም።

ሲጭኑ ተጎታቹ ከመኪናው ጋር ተያይዞ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ሞተሩ ከኋላ ሲወጣ አንገቱ ብድግ ይላል። መውጫ ጣውላውን በቡሎን ወይም በሰንሰለት ከሳጥኑ ጋር ያስሩ። ሞተሩን በጎን መቆሚያው አያቁሙት። የፊት ጎማውን ማገቻው ውስጥ አስገብተው ባለ መወጠሪያ ቀበቶዎቹን ከመሪው ጫፍ ሳይሆን ከፎርኩ ላይኛ ማሰሪያ ይዘው ወደ ፊትና ወደ ጎን፣ ፎርኩ ሲሶ ያህል እስኪወርድ ይወጥሩ፤ ኋላውን በሌሎች ሁለት ያስሩ። ካርቡሬተር ያላቸውን የቤንዚን መክፈቻ ይዝጉ፤ እየነጠረ ሲሄድ ካርቡሬተሩ ሞልቶ ይፈሳል። 10 ኪሎ ሜትር ላይ ቀበቶዎቹን እንደገና ይፈትሹ፤ ሁልጊዜ ይላላሉ።

መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን አይርገጡ፣ መሪም አያማቱ። ነዳጁን ለቀው መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ። በዚህ ጭነት ፍሬን የሌለው ተጎታች የተለመደ ነው፤ ሆኖም ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርዱ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሱ፣ በፍሬን ብቻ አይያዙት። ከጎሃ ጽዮን አልፎ ዓባይ በረሃ ለመውረድ ካሰቡ ግን የራሱ ፍሬን የሌለውን ተጎታች አይውሰዱ፤ ለዚያ መንገድ አይሱዙውን ይከራዩ። ለፍቼ መንገድ መለዋወጫ ጎማ፣ አንድ ሙሉ የተገጣጠመና ግሪስ የገባበት ሞዞ፣ ኦይል ሲልና ሦስት ኮፒሊያ ከወንበር ጀርባ ይኑርዎት፤ ሞዞውን ከነኩሽኔታው መቀየር መንገድ ዳር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።